ሲቢዲ ዘይትና ለልጄ ያልነገርኳት ክኒን

ልጄ የገዛችልኝ ዘይት ሊገድለኝ ነበር ብዬ ብጽፍ፣ በብዙ ውሸት ላይ አንድ ተጨማሪ ውሸት መጨመሬ ነው። ዘይቱ የራሱ ድርሻ አለው። ትልቁ ድርሻ ግን የእኔ ነው። ይህን የምጽፈው በሽታቸውን ከልጆቻቸው ደብቀው ለሚኖሩ እናቶችና አባቶች ነው። ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ፤ ክሊኒክ ውስጥ ፊታችሁን ወደ ግድግዳ አዙራችሁ ስትቀመጡ አይቻችኋለሁ። እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

ስሜ ወይንሸት ይባላል። አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ ነው የምኖረው። ባለቤቴ ከሞተ በኋላ አንድ ልጄን ብሌንን እዚሁ ባለ ሁለት መኝታ አፓርታማ ውስጥ አሳደግኳት። ሥራዬ ሆቴል ውስጥ ሃውስኪፒንግ ነበር፤ በቀን አሥራ አራት፣ ሰው ሲበዛ አሥራ ስድስት ክፍል አጸዳ ነበር። "ነበር" እያልኩ መናገሩን ገና አልለመድኩትም።

ሕመሙ የጀመረኝ ደረጃ ላይ ነው። የሠራተኞቹ አሳንሰር በተበላሸ ቁጥር አንሶላ ተሸክሜ በእግሬ ስወጣ ትንፋሽ ያጥረኝ ጀመር። መጀመሪያ ዕድሜ ነው ብዬ ዝም አልኩ። በኋላ ግን ቁጭ ባልኩበት ልቤ አንዴ ሲሮጥ፣ አንዴ ደግሞ ምቱን ሲዘል ይሰማኝ ጀመር። ክሊኒክ ሄድኩ። መጀመሪያ ያየችኝ ሐኪም አስም ነው ብላ በአፍ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠችኝ። ሦስት ወር ሳብኩት፤ ልቤን ይበልጥ ከማስሮጥ በቀር የፈየደልኝ ነገር የለም። ሁለተኛው ሐኪም ወረቀቴን ሲያገላብጥ ባሌ መሞቱን አየና ጭንቀት ነው አለኝ።

"ባሌ ከሞተ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖታል" አልኩት።

"ጭንቀት ዓመት አይቆጥርም" አለኝ፤ ክኒን ጻፈልኝ። ሁለት ሳምንት ዋጥኩት። ቀኑን ሙሉ ያፈዘኝ ነበር፤ አንድ ቀን ያጸዳሁትን ክፍል ደግሜ ሳጸዳ ሱፐርቫይዘሬ ስላገኘችኝ ተውኩት።

ሦስተኛዋ ግን ሐኪም እንኳን አልነበረችም፤ ነርስ ናት፤ እንደ ሐኪም መድኃኒት ማዘዝ የሚፈቀድላት። ማዳመጫዋን ደረቴ ላይ አድርጋ ረጅም ጊዜ አዳመጠች። ከዚያ በአስተርጓሚ በኩል፣ "ልጅ እያሉ ጉሮሮዎን ታመው፣ ከዚያ በኋላ ጉልበትዎ አብጦ ያውቃል?" ስትል ጠየቀችኝ። ማንም ጠይቆኝ የማያውቅ ጥያቄ ነው። አምስተኛ ክፍል ሳለሁ ሁለቱም ጉልበቶቼ አብጠው አንድ ወር ትምህርት ቤት መሄድ አቅቶኝ ነበር። ነገርኳት። ወደ ልብ ሐኪም ላከችኝ፤ እዚያ ልቤን በአልትራሳውንድ አዩት። ያ የልጅነት የጉሮሮ በሽታ ከልቤ በሮች አንዱን አጠንክሮት ኖሯል። በሩ በደንብ ስለማይከፈት ልቤ ተስፋፍቷል፣ ምቱም ተዛብቷል። በዚህ ዓይነት ልብ ውስጥ ደም ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደግሞ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል። ስለዚህ ዋርፋሪን የሚባል የደም ማቅጠኛ ክኒን በየቀኑ እንድውጥ ታዘዘልኝ።

የልብ ሐኪሙ በትዕግሥት ነው ያስረዳኝ። "የሚሄዱበት መንገድ ጠባብ ነው" አለኝ። "ደሙ ከወፈረ ይረጋል፤ ከመጠን በላይ ከቀጠነ ደግሞ ይፈስሳል።" ስለዚህ በየጊዜው ጣቴን እየወጉ ደሜ የቀጠነበትን ልክ በቁጥር ያዩ ነበር። ቁጥሩ በሁለትና በሦስት መካከል መሆን አለበት። ጎመን ብበላ ሁልጊዜ ያንኑ ያህል እንድበላ፣ አዲስ መድኃኒት ብጀምር፣ ቅጠልም ሻይም ቢሆን አስቀድሜ እንድጠይቅ ነገሩኝ። እሺ አልኩ። ሦስት ዓመት ያህል በዚህ ሥርዓት ደህና ሆኜ ኖርኩ። ለብሌን ግን አልነገርኳትም።

ምክንያት ነበረኝ፤ ያኔ በቂ ይመስለኝ የነበረ ምክንያት። ባለቤቴ ጌታቸው ታክሲ ነጂ ነበር። አንድ ጠዋት ኤርፖርት ተራ እየጠበቀ ሳለ ልቡ ቀጥ አለ። ያኔ ብሌን ዘጠኝ ዓመቷ ነው። የእሱ ጓደኞች ሊያረዱን ሲመጡ በሩን የከፈተችው እሷ ናት፤ ወደ ወጥ ቤት መጥታ "ማሚ፣ ብዙ ሰው መጥቷል፣ ሁሉም ያለቅሳል" አለችኝ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ሶፋ ላይ ጋደም ስል መጥታ እጇን ደረቴ ላይ ታደርግ ነበር። ምን እያደረግሽ ነው ብዬ ጠይቄያት አላውቅም። ስለዚህ የልብ ሐኪሙ ቢሮ ተቀምጬ ወረቀቱን ስቀበል የወሰንኩት የመጀመሪያ ነገር ይህች ልጅ ልብ የሚባል ቃል ከእኔ አፍ እንዳትሰማ ነው።

ዋርፋሪኑን የቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ ገልብጬ ወጥ ቤት መደርደሪያ ላይ አስቀመጥኩት። ለጣት ምርመራው ስሄድ ጥርስ ሐኪም ጋ ነው የምሄደው እላት ነበር። አንድ ቀን ስቃ፣ "እማዬ፣ ለመሆኑ ስንት ጥርስ ነው ያለሽ?" አለችኝ። እኔም ሳቅሁ። የክሊኒኩ መጠበቂያ ክፍል ውስጥ ጀርባዬን ለበሩ ሰጥቼ እቀመጥ ነበር፤ የአገር ልጅ አይቶኝ ለሌላ እንዳይናገር። ሁልጊዜ አብረውኝ የሚጠብቁ አንድ ሽማግሌ ነጭ ሰውዬ ነበሩ፤ እንደ እኔ ጣታቸውን ሊወጉ ነው የሚመጡት። ሚስታቸው አጠገባቸው ተቀምጣ የየሳምንቱን ቁጥር በትንሽ ደብተር ትጽፍላቸዋለች። እቀናባቸው ነበር። ልጄን አጠገቤ ማስቀመጥ እችል እንደነበር ግን አላሰብኩም።

ከዚያ የትከሻ ሕመም መጣ። ፍራሽ ማንሳት ነው ያመጣብኝ፤ የሆቴል ፍራሽ ከባድ ነው፣ በቀን ሠላሳ ጊዜ ጠርዙን ታነሻለሽ። ቀኝ ትከሻዬ ጸጉሬን ማበጠር እስኪያቅተኝ ድረስ ያዘኝ፤ እንቅልፍም ነሣኝ። ኢቡፕሮፌን የሚባለው ማስታገሻ ከዋርፋሪን ጋር ደም ስለሚያፈስ ተከልክያለሁ። ብሌን ለምን አትውጪም ስትለኝ ጨጓራዬን ያቃጥለኛል እላታለሁ። ስቃይ ላይ መሆኔን ታያለች፣ ምክንያቱን አታውቅም።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ ትምህርት ቤት ረዳት መምህር ሆና ትሠራ ነበር። አንድ ቀን ከሥራ ስትመጣ ማንጠባጠቢያ ያለው ትንሽ ጥቁር ጠርሙስና አንድ የሚቀባ ነገር ይዛ መጣች።

"ይሄ ምንድነው?"

"ሲቢዲ ዘይት ነው። ለትከሻሽ። እንቅልፍም ያመጣል ይላሉ።"

"ከምን የተሠራ ነው?"

ትንሽ አመነታች። "ከሄምፕ። ሄምፕ የካናቢስ ዘመድ ነው፤ ግን ይሄ የሚያሰክረው ነገር የለበትም። ሱቅ ውስጥ ነው የሚሸጠው፣ ሊጋል ነው።"

"ሐሺሽ ልታጠጪኝ ነው?"

"አይደለም እማዬ። አስቴርም ለጉልበቷ ትጠቀምበት የለም እንዴ? አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።"

እውነቷን ነው። የሥራ ጓደኛዬ አስቴር ስትጠቀምበት ዓመት ሆኗታል፤ ጉልበቷ ቀለል እንዳላት ትናገራለች። ብሌን ስልኳን አውጥታ ታነብ ጀመር። ጥንቁቅ ልጅ ናት፤ ምን ያህል ጠብታ፣ ስንት ሰዓት፣ ሁሉንም አነበበችው። ከዚያ ቀና ብላ አየችኝ።

"መድኃኒት የሚወስድ ሰው መጀመሪያ ሐኪሙን ይጠይቅ ይላል። የምትወስጂው መድኃኒት አለ?"

"ምን መድኃኒት አለኝ? ያቺ ቫይታሚን ናት።"

"አር ዩ ሹር?"

"ካላመንሽኝ ተይው" አልኳት፤ ጠርሙሱንም ገፋ አደረግሁት።

"ሶሪ፣ እማዬ" አለችኝ። ይቅርታ የጠየቀችው እሷ ናት።

ከዚያን ቀን ጀምሮ ምሽት ምሽት ስድስት ጠብታ ከምላሴ ሥር ታንጠባጥብልኛለች። ሣር ሣር ይላል፣ ጫፉ ላይ ይመራል። ለደቂቃ ያህል አፌን ዘግቼ ስቀመጥ እሷ ከኋላዬ ቆማ ትከሻዬን ትቀባኛለች። ማውራት ስለማልችል ወሬውን የምታወራው እሷ ናት፤ ክፍሏ ውስጥ ስላሉት ሕፃናት፣ ጫማዬን አላደርግም ስለሚለው፣ በአማርኛ ብቻ ስለምታለቅሰው ትንሽ ልጅ። አትላንታ አንድ ትምህርት ቤት ለዋና መምህርነት እንዳመለከተችም የነገረችኝ ያኔ ነው። ከዘጠኝ ዓመቷ ወዲህ ይህን ያህል አውርተን አናውቅም። ከአንድ ሁለት ሳምንት በኋላ መተኛት ጀመርኩ። ትከሻዬም ላላ አለ። ዘይቱ ይሁን፣ እጇ ይሁን፣ ወሬዋ ይሁን፣ እስከ ዛሬ አላውቅም። የረዳኝ ነገር እንደነበረ ግን አልክድም።

በሚቀጥለው የጣት ምርመራ ቁጥሬ ሦስት ነጥብ ስድስት ሆነ። ቁጥሬን የምታየው የክሊኒኩ ፋርማሲስት ወንበሯን ወደ እኔ አስጠግታ ስልኩን በመካከላችን አስቀመጠች፤ አስተርጓሚ በስልክ ነበር የምንጠቀመው። "አዲስ መድኃኒት ጀምረዋል? ቫይታሚን፣ ቅጠላ ቅጠል፣ ዘይት፣ ማንኛውንም ነገር?" ብላ ጠየቀች። የአስተርጓሚዋ ድምፅ በአማርኛ ሲመጣ አንዲት የቤተ ክርስቲያናችንን ሴት መሰለኝ። ትሁን አትሁን አላውቅም። ወይንሸት ሐሺሽ በዘይት ትጠጣለች ሲባል ታየኝ።

"የለም" አልኩ።

"ሌላ የተለወጠ ነገርስ? የምግብ ፍላጎትዎ፣ ጎመን?"

"ምንም።"

ፋርማሲስቷ አሰብ አደረገችና ክኒኑን ቀነሰችልኝ፤ በሁለት ሳምንት እንድመለስ አፖይንትመንት ሰጠችኝ። ስመለስ ሦስት ነጥብ ሁለት ሆነ። ተስተካከለ ብዬ ደስ አለኝ። ዘይቱን ከዋርፋሪኑ ጋር አገናኝቼ አላየሁትም ነበር ብዬ እዚህ ብጽፍ ደስ ባለኝ። ግን አይቼዋለሁ። መኪና ውስጥ ገብቼ ቁልፉን ይዤ ትንሽ ቆየሁ፤ ነገሩ በልቤ መጣ፤ ዘይት ብቻ ነው ብዬ ሞተሩን አስነሣሁ።

ጠርሙሱ ሲያልቅ ብሌን ሌላ ገዛችልኝ። "ያ ዓይነት አልቋል፤ ይሄኛው ጠንከር ያለ ነው አሉኝ" አለች። በዚያው ሰሞን ሆቴሉ ትልቅ ስብሰባ ነበረበትና ድርብ ሺፍት ያዝኩ፤ የጣት ምርመራዬ ቀን አለፈኝ። በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ አልኩ። ጥርሴን ስቦርሽ ድዴ ይደማ ጀመር። ጭኔ ላይ መቼ እንደተመታ የማላውቀው መዳፍ የሚያህል ሰማያዊ ነገር ወጣ። ክንዴም ላይ እንዲሁ። እጅጌ ሙሉ ሹራብ መልበስ ጀመርኩ። "አይሞቅሽም እንዴ?" ትለኛለች ብሌን። "የሆቴሉ ኤሲ ብርድ አስገብቶብኛል" እላታለሁ። አንዱ ውሸት ሌላውን እየጠራ እንደዚያ ሆንኩ።

አንድ ሐሙስ ገንዳ አጥቤ ቀና ስል ግራ ጭንቅላቴን ከፎጣ ማስቀመጫው ብረት ጋር አጋጨሁት። ያን ያህል ከባድ አልነበረም። ደምም አልወጣም። አሸት አሸት አድርጌው ቀጣዩ ክፍል ገባሁ። ዓርብ ራሴን አመመኝ። ቅዳሜ ባሰብኝ። ለራስ ምታቱም ይሆነኛል ብዬ ብሌን ሳታየኝ በላዩ ላይ ሌላ ጠብታ ጨመርኩ።

እሑድ ቀትር ላይ ዕቃ እያጠብኩ ነበር። ብርጭቆ ከቀኝ እጄ ወደቀ። ላነሣው ስል እጄ አልታዘዝ አለኝ። "ምነው?" አለች ብሌን ከሳሎን። ምንም አይደለም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ የወጣው ነገር ቃል አልነበረም። መጣች፣ ፊቴን አየች፣ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ጥሪ ደወለች። አድራሻችንን ስትናገር ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። በአምቡላንስ ወሰዱን።

ኢመርጀንሲ ክፍል ውስጥ ራሴን አልሳትኩም። ሁሉንም እሰማ ነበር፤ መናገር ብቻ ነው ያቃተኝ። ሐኪሙ ወጣት ሰው ነው፤ ዓይኖቼን በመብራት እያየ ብሌንን እኔ እንኳ በምረዳው ቀላል እንግሊዝኛ ይጠይቃታል።

"ምን ምን መድኃኒት ትወስዳለች?"

"ምንም" አለችው። "ቫይታሚን ብቻ። ደግሞ ሲቢዲ ዘይት፤ ማታ ማታ እኔ ነኝ የምሰጣት።"

"የደም ማቅጠኛስ?"

"አትወስድም። እርግጠኛ ነኝ። ጠይቄያታለሁ።"

ጭንቅላቴን ልነቀንቅ ሞከርኩ። በግራ እጄ እጇን ጨበጥኩ፣ ሳብኩት፣ ደግሜ ሳብኩት። የፈራሁ መሰላት። ጎንበስ ብላ ግንባሬን ሳመችኝና፣ "አይዞሽ እማዬ፣ ሁሉንም ነግሬያቸዋለሁ" አለችኝ።

በሕይወቴ ብዙ መጥፎ ቃል ሰምቻለሁ። እንደዚያች ደግ ቃሏ የቆረጠኝ ግን የለም።

ጭንቅላቴን በማሽን አይተው አንጎሌ ላይ ደም መፍሰሱን አገኙ። ጥቂት ቆይቶ ሐኪሙ የደም ውጤት ይዞ ተመለሰ። ቁጥሬ ከስምንት በላይ ሆኗል። "ይህ ዋርፋሪን የሚወስድ ሰው ውጤት ነው" አላት። ብሌን ተቆጣች። የሌላ ሰው ደም ነው፣ ድጋሚ ይመርመር አለች። እኔን ለመከላከል ነው የተከራከረችው። አንዲት ነርስ ኮምፒውተሩ ላይ ስትፈልግ ቆይታ ሐኪሙን ጠራችው፤ እሱም ብሌንን ጠራት። ከፋርማሲ የወሰድኩት ዋርፋሪን በየወሩ ተመዝግቦ ተቀምጧል፤ ሦስት ዓመት ሙሉ። ስታነብ ፊቷን አየሁት። አላለቀሰችም። ፊቷ እንደ ሕፃን ፊት ሆነ፤ ያን የመርዶ ቀን በሩን ከፍታ እንደመጣችው።

የቀጠነውን ደሜን ወደ ልኩ የሚመልስ መድኃኒት ሰጡኝ፤ የራስ ቅሌን በስተው የፈሰሰውን አወጡት። ብሌን ወረቀቱን እንደፈረመች በኋላ ነገሩኝ።

ከሞት ተረፍኩ። ቀኝ እጄ ግን እንደ በፊቱ አልሆነም፤ ቃላትም ጠፉብኝ። ማንኪያውን እያየሁ ማንኪያ የሚለው ቃል አይመጣልኝም። አንድ ጠዋት ልጄ በሩ ላይ ቆማ ስሟን አጣሁት። የአባቷን ስም፣ የአያቷን ስም አገኘሁ፤ የእሷን አጣሁ። እየጠበቀችኝ ቆመች። ሳላገኘው ብዙ ስቆይ ራሷ ነገረችኝ፤ "ብሌን ነኝ" አለች፤ ራሷን ለእንግዳ እንደሚያስተዋውቅ ሰው።

ደግ ሰዎችም አጋጥመውኛል። ክፍሌን የምታጸዳው ሴት የኤል ሳልቫዶር ሰው ናት። አንሶላውን ስታጥፍ ጠርዙን በዓይኔ ስከታተላት አየችኝና በምልክት "አንቺም?" አለችኝ። አዎ አልኳት። ከዚያ ወዲያ በመጣች ቁጥር አንድ የትራስ ልብስ ታቀብለኛለች፤ በግራ እጄ፣ ቀኙን እያስለማመድኩ፣ እስካለብሰው ቆማ ትጠብቀኛለች። የእጅ ሕክምና ከሰጡኝ ሁሉ የበለጠችው እሷ ናት።

መናገር ስጀምር፣ በስድስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ብሌን የቫይታሚኑን ጠርሙስ ይዛ መጣች። አልጋዬ ላይ አስቀመጠችው።

"ስጠይቅሽ ዓይኔን እያየሽ ነበር" አለችኝ።

"እንዳትጨነቂ... ብዬ ነው። አባትሽ..."

"አባቴን ተይው። ዘይቱን የሰጠሁሽ እኔ ነኝ። በእጄ። በየቀኑ እየቆጠርኩ።"

"አንቺ ምን አጠፋሽ?"

"ሞተሽ ቢሆን ኖሮ ዕድሜዬን ሙሉ እናቴን ገደልኩ እያልኩ ነበር የምኖረው። ያንን አስበሽው ታውቂያለሽ?"

አስቤው አላውቅም ነበር። እሷን ከሐዘን ለመጠበቅ ብዬ ከሐዘን ሁሉ የከፋውን አዘጋጅቼላት ኖሬያለሁ። ይቅር በይኝ ልላት ፈለግሁ፤ ቃሉ ጠፋብኝ። ከጠፉብኝ ቃላት አንዱ እሱ ነበር። ሲመጣልኝ እሷ ወደ ሥራ ሄዳ ነበር።

ከሆስፒታል ስወጣ ፋርማሲስት መጥቶ ለሁለታችንም አስረዳን። ጉበታችን ዋርፋሪንን እየሰባበረ ከሰውነት ያስወጣል፤ ሲቢዲ ደግሞ ያንን ሥራ ያዘገየዋል። ስለዚህ ክኒኑ ቢቀነስልኝም ሳይወጣ ይከማቻል፤ ዘይቱ ሲበረታ ደሜ ይበልጥ ቀጠነ። አስቴርም ልትጠይቀኝ መጥታ ስለነበር የራሷን ጠርሙስ ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየችው። "እርስዎ ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ?" አላት። "አልወስድም" አለች። ቢሆንም ለሐኪምዎ ይንገሩ፤ ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውና ውስጡ ያለው ሁልጊዜ አንድ ላይሆን ይችላል አላት። አስቴር አሁንም ትጠቀምበታለች፣ ሐኪሟም ያውቃል፣ ጉልበቷም ደህና ነው። ይህን የምጽፈው ዘይቱን ያየ ሁሉ እንዲሸሽ አይደለም። ተክል ነው ተብሎ ከመድኃኒት እንዳይለይ ብቻ ነው። ጦስኝም ሆነ ጤና አዳም፣ ዘይትም ሆነ ሻይ፣ የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩ። አስተርጓሚዋ የምታውቁት ሰው ብትመስላችሁም ንገሩ። ሐሜት አይገድልም።

ወደ ሆቴሉ አልተመለስኩም፤ ቀኝ እጄ ፍራሽ አያነሣም። አሁን በሳምንት ሦስት ቀን አንድ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ፎጣ አጥፋለሁ። ዋርፋሪኑን በጥንቃቄ መልሰው አስጀምረውኛል፤ ቁጥሬ ደህና ነው። ትከሻዬ ያመኛል፤ ለእሱ የሚሰጡኝን ስፖርት እሠራለሁ። ቃላቶቼ አብዛኞቹ ተመልሰዋል፤ ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ግን ሁለት ወር ፈጅቶብኛል።

የአትላንታው ትምህርት ቤት ብሌንን ተቀብሏት ነበር። ደብዳቤው የመጣው እኔ ሆስፒታል ሳለሁ ነው። እኔን ስታስታምም ቀኑ አለፈ፤ ቦታው ለሌላ ተሰጠ። ይህን ያወቅሁት ከአስቴር ነው። ብሌን አልነገረችኝም፤ እንዳላስጨንቅሽ ብዬ ነው አለችኝ ስጠይቃት። ይህንንም ያስተማርኳት እኔ ነኝ።

በበጋው ታኮማ ፓርክ ከጓደኛዋ ጋር ቤት ተከራይታ ወጣች። ለሥራዬ ይቀርበኛል አለች፤ እውነትም ይቀርባታል። እሑድ እሑድ በሜትሮ ባቡር ትመጣለች። የሳምንቱን ክኒን በየቀኑ በተከፋፈለ ሳጥን ውስጥ ቆጥራ ታስቀምጣለች፣ የጣት ምርመራ ቁጥሬን ትጠይቃለች፣ ወረቀቱን ራሷ ታነባለች። ምሳ እንበላለን። ደግ ናት፤ አንድም ቀን ከፍ ዝቅ አድርጋ ተናግራኝ አታውቅም። ስለ ክፍሏ ሕፃናት ግን አትነግረኝም። ስጠይቃት "ደህና ናቸው" ትለኛለች።

ያለፈው ማክሰኞ ሰውነቴን አተኮሰኝ። ቀላል ጉንፋን ነው፤ ድሮ ቢሆን ለማንም አልናገርም። ስልኬን አንሥቼ ደወልኩላት፤ ክፍል ውስጥ ስለነበረች አላነሣችም። መልእክት ተውኩላት። በዕረፍቷ ሰዓት ኮል አደረገችልኝ።

"ምን ሆንሽ?"

"ትኩሳት አለኝ። ጉሮሮዬንም ትንሽ ያመኛል። ሌላ ምንም የለም።"

ከኋላዋ የልጆች ጫጫታ ብቻ ይሰማኛል። ስዋሻት ወዲያው ነበር የምታምነኝ፤ እውነቱን ስነግራት ግን እንደዚህ ታስባለች።

"ሌላ ምንም?" አለችኝ።

"ሌላ ምንም። ሠላሳ ስምንት ነጥብ አንድ ነው።"

"እሺ" አለች። ስልኩን አልዘጋችውም፤ እየጠበቀች ነበር።

ቆይ አልኳት። የሙቀት መለኪያውን መልሼ አፌ ውስጥ ከተትኩት፣ እስኪጮህ ጠበቅሁ፤ ከዚያ መስኮቱ አጠገብ ሄጄ ቁጥሩ በደንብ እንዲታይ አድርጌ ፎቶ አንሥቼ ላክሁላት።